ከባቡሯ ምድጃ በር ላይ የተሰቀለው ጫማ

ልጅ ሳለሁ ባቡር የማውቀው በወፍጮ ቤት ነበር። በእኛ በቢቸና ባቡር ማለት ከገበያው ዳር፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ቆሞ ቀኑን ሙሉ እየጮኸ እህል የሚፈጭ ሞተር ነው። ስለዚህ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ አንዳርጌ ድሬዳዋ ላይ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ «ዕድሜውን በባቡር ሥራ የጨረሰ ሰው» ሲባሉ ሰምቼ፣ ያኔ የጠበቅሁት ዱቄት የለበሰ ሽማግሌ ነበር። የመጡት ግን ፀጉራቸው የሸበተ፣ የጣቶቻቸው ጥፍር ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ረጅም ሰው ነበሩ። ከባለቤታቸው ከእቴቴ የሻረግ ሌላ ይዘውት የመጡት አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ ጫማ ነበር። ጥንድ አይደለም፤ የግራ እግር ብቻ፣ ያረጀ የሥራ ጫማ። ቤታቸው ከእኛ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነበርና ጫማው በዚያው ቀን ከበሩ አጠገብ ባለው ምስማር ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ። እንዳንነካው ተነገረን፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገረንም።

ጊዜው የደርግ ነበር። ላምባ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ስለሚገኝ ኩራዙ እራት እስኪበላ ብቻ ይበራና እፍ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን የምድጃው ፍም ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙሉ አንድ ጋቢ ለሁለት ተከናንበን፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ የአያ አንዳርጌን ተረት እንሰማለን። የሌሎች ልጆች አያቶች ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ያወራሉ። የእኛ ሰው ግን ጦጣም ጅብም አያውቁም፤ ተረታቸው ሁሉ ስለ አንዲት አሮጌ ባቡር ነበር።

ባቡሯ በእንፋሎት የምትሄድ የድሮ ባቡር ናት። በናፍጣ የሚሠሩት አዳዲሶቹ ሲመጡ ከሁለት የእንጨት ፉርጎዎች ጋር ጎትተው ከጋራዡ ጀርባ አቆሟት። ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁባት በመንኮራኩሮቿ መሐል እሾህ በቀለ፣ ጭስ መውጫዋ ውስጥ እርግብ ጎጆ ሠራች። አያ አንዳርጌና ጥቂት ጓደኞቻቸው ሥራ የተማሩት በእሷ ላይ ስለነበር ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ሆዳቸው አልችል አለ። አንድ እሑድ ማጭድና መጥረቢያ ይዘው ሄደው እሾሁን መነጠሩት። በሚቀጥለው እሑድ መዶሻ ይዘው ተመለሱ። ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም እግዜር ይስጥልኝ አላላቸውም።

«ለምን ደከማችሁባት?» ብሎ ሙሉ አንድ ጊዜ ጠየቃቸው።

«እንጀራዬን ያበላችኝን ሜዳ ላይ ጥያት ልሂድ?» አሉ ቆጣ ብለው። አያ አንዳርጌ ሲፈጥራቸው ቁጡ ናቸው፤ ስለ ባቡሯ ሲሆን ደግሞ ይብስባቸዋል።

ተረቱም እንደ ሥራው ቀስ እያለ ነበር የሚሄደው። ባንዱ ምሽት ዝገት ሲፈቀፍቁ ያመሻሉ፤ በሌላው የፉርጎዎቹን የበሰበሰ ጣውላ አውልቀው አዲስ ይመታሉ፤ «ዛሬ መስኮት እናስገባለን» ያሉን ዕለት ደግሞ መስተዋቱ እንዳይሰበር እኔና ሙሉ ትንፋሻችንን ውጠን ነበር የምንሰማቸው። የብረት ድስቱን በመቆስቆሻው መታ መታ ያደርጉና «ደኅና ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ስንጥቅ ያለበት ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ነው የሚመስለው» ይሉናል። ያኔ በዚያ ፍም ብርሃን ባቡሯን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ እኛም አብረን የጠገንናት ይመስለኝ ነበር። እሳት የሚለኮስባት ምሽት ብቻ አይመጣም። ሁሉ ነገር ሲያልቅ አያ አንዳርጌ ፍሙን በአመድ ያዳፍኑና በሌላ ቀን እንደገና ከእሾሁ ይጀምራሉ።

«መቼ ነው እሳት የምትለኩሱላት?» አልኳቸው አንድ ማታ፣ ትዕግሥቴ አልቆ።

«አይለኮስም። ምድጃዋ ውስጥ ሰው አለ።»

ሙሉ ከፍሙ ሸሽቶ ከጀርባዬ ተሸጎጠ። መደንገጡን ሲያዩ ራሩለትና አስረዱን። የባቡሯ ምድጃ ሰው ተጎንብሶ የሚገባበት የብረት ጎሬ ነው። ለጥገና የሚገባ ሰው አንድ ጫማውን አውልቆ ከምድጃው በር እጀታ ላይ ይሰቅላል። ጫማው እስካለ ድረስ በሩ አይዘጋም፣ እሳት አይለኮስም። ጫማውን የሚያወርደው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እሱ ካልቻለ ደግሞ የሥጋ ዘመዱ። ከወረደም በኋላ እሳት የሚለኩሰው ሰው አንገቱን ወደ ውስጥ አስግጎ የባለቤቱን ስም ይጠራል፣ መልስ ይጠብቃል። «ከእኔ በፊት አንድ ጊዜ ሳይጠሩ ለኩሰው...» አሉና ተዉት።

የጫማውን ባለቤት የነገሩን ግን እቴቴ የሻረግ ናቸው። ልጃቸው ጌትነት፣ አንድ ልጃቸው፣ እዚያው ጋራዥ ይሠራ ነበር፤ እሑድ እሑድም ከአባቱ አይለይም፤ የፉርጎዎቹን መስኮቶች ያስገባው እሱ ነው። ባቡሯ አልቃ እሳት መለኮስ ብቻ ሲቀር የሶማሌ ጦርነት መጣና ጌትነት ለዘመቻ ተጠራ። ሊሄድ ሲል የቀኝ ጫማውን አውልቆ ከምድጃው በር ላይ ሰቀለና «እኔ ሳልኖር እንዳታነዷት» ብሎ ሳቀ። ግራውን ለአባቱ ሰጥቶ፣ የወታደር ቡትስ ተጫምቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አለም የለምም የሚል ወሬ አልመጣም። ጦርነቱ አለቀ፤ የተመለሰ ተመለሰ። የጋራዡ ጓደኞቹ ያቺን ባቡር አላነደዷትም። እቴቴ የሻረግም እራት በቀረበ ቁጥር የአንድ ሰው ድርሻ ለይተው ይከድኑ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቤት የሌለው ጫማ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሰጋ ጀመር። አንድ እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር አንድ ጥንድ የላስቲክ ጫማ ቀርቶ አየሁ። ዲያቆኑ በሩን ሊዘጋ ሲል «ሰው አለ!» ብዬ ጮህኩበት። እውነትም አንዲት አሮጊት ከግድግዳው ተጠግተው እንቅልፍ ጥሏቸው ኖሯል፤ ሲወጡ ራሴን ይዘው መረቁኝ። ያኔ በልጅ ልቤ ነገሩ ተቆረጠልኝ። ጫማው ካለ ሰውየውም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጌትነት የሆነ ቦታ አለ። ይህን ለእቴቴ የሻረግ ስነግራቸው ጉንጬን ሳሙኝና «አፍሽ ይባረክ» አሉኝ።

ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ በአንድ የመስከረም ከሰዓት በኋላ፣ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ እንግዳ መጡ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ከነጋዴ የእስላም ቤተሰብ ተወልደው ገና በወጣትነታቸው ድሬዳዋ የወረዱ፣ ከአያ አንዳርጌ ጋር እሾሁን ከመነጠሩት አንዱ። ዘመዶቻቸውን ሞጣ ላይ ጠይቀው ሲመለሱ ነበር ወደ እኛ ጎራ ያሉት። እቴቴ የሻረግ በሶ በማር በጥብጠው አቀረቡላቸው። እንግዳው ግን ብዙም ሳይቀምሱ ብርጭቆውን አስቀመጡት።

«አንዳርጌ፣ እኔም ዘንድሮ ጡረታ ልወጣ ነው» አሉ። «የቀረነው ጥቂት ነን። አዲሶቹ ልጆች የጫማውን ነገር አያውቁትም። ባለፈው አንዱ ሊያወርደው ሲል በጩኸት ነው ያስጣልኩት። እኔ ከወጣሁ ቆሻሻ ውስጥ ነው የሚገባው።»

«ታዲያ አንተ አታወርደውም?»

«እኔ ምኑ ነኝና? ሥጋው አንተ ነህ። ና፣ በእጅህ አውርደው። እኛም እያለን ትንደድ።»

«ባለቤቱ ሲመጣ ያወርደዋል» አሉ አያ አንዳርጌ።

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ያን ጊዜ እቴቴ የሻረግ ከመደቡ ተነሡ።

«ሰይድ፣ ልጅሽ ሞቷል ነው የምትለኝ?»

«ይህ ቃል ከእኔ አፍ አልወጣም፣ የሻረግ።»

«እንግዲያው ጫማውን ተዉልኝ።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደስ አለኝ፤ ጌትነት ገና አለ። ወዲያው ደግሞ ባቡሯ መቼም እንደማትነድ ገባኝና ከፋኝ። ሁለቱ ስሜቶች ባንድ ልብ እንዴት እንደተቀመጡ ዛሬም አላውቅም። ያን ምሽት ተረት አልነበረም። ጋሽ ሰይድ ጋደም ሲሉ አያ አንዳርጌ ፊታቸውን ወደ ምስማሩ መልሰው እንደተቀመጡ ነበር የተለየናቸው።

ጠዋት ምስማሩ ባዶ ነበር። አያ አንዳርጌ ጫማውን በከረጢት ይዘው ከጋሽ ሰይድ ጋር በአውቶቡስ ሄደዋል። እቴቴ የሻረግ አልተከፉም። «ሁለቱንም እዚያው አጣምሮ ሰቅሎ ሊመጣ ነው» አሉኝ። «የልጁን ነገር ለባዕድ አይተውም።»

የተመለሱት ጥቅምት ገብቶ፣ እቴቴ የሻረግ ከደጅ ጤፍ ሲያንገዋልሉ ነው። ሰላምታ አልሰጡም። ከረጢቱን ፈትተው ሁለቱን ጫማዎች፣ ቀኝና ግራውን፣ ከደፉ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከመንገድ የገባ ሰው አውልቆ የተዋቸው ይመስሉ ነበር። እቴቴ የሻረግ አዩአቸው። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ፣ ጤፉ ተበተነ፣ ከዚያም ያን ሁሉ ዓመት ይዘውት የኖሩት ጩኸት ወጣ። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ። ለጌትነት መርዶ ነጋሪ አልተላከም፤ መርዶው ያ ጫማ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ጫማው ካለ ሰውየው አለ ያልኩት እኔ፣ መውረዱ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

ለቅሶው አልቆ እንግዳው ሁሉ ከተሸኘ በኋላ፣ አንድ ምሽት እንደ ድሮው ከምድጃው ዳር ተቀመጥን። እኔም ሙሉም ተረት ለመጠየቅ አልደፈርንም። ፍሙን ቆስቁሰው «ዛሬ እናነዳታለን» ያሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ድሬዳዋ እንደደረሱ ጫማውን በገዛ እጃቸው አወረዱት። እጀታው ጫማው ከሸፈነው ቦታ በቀር ዝጎ ነበር። በሩን ከፈቱ፣ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡና «ጌትነት!» ብለው ተጣሩ። ብረቱ የራሳቸውን ድምፅ መለሰላቸው። ቆዩ። ጋሽ ሰይድና ሌሎቹ ቆባቸውን አውልቀው ከኋላ ቆመው ነበር፤ ማንም ቶሎ በል አላላቸውም። ደግመው ጠሩት። ከዚያ ለኮሱ። ውሃው ሊፈላ እስከ ከሰዓት ወሰደ፤ እንፋሎቱ ሲበቃት ባቡሯ ተንቀጥቅጣ ተነሣችና ሁለቱን ፉርጎዎች እየጎተተች እስከ ግቢው ሀዲድ ጫፍ ሄደች። አያ አንዳርጌ ፉርጎው ውስጥ፣ ጌትነት ባስገባው መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

«ጮኸች?» አለ ሙሉ በቀስታ።

«ጮኸች፣ ልጄ።»

እቴቴ የሻረግ ወደ ፍሙ ጠጋ አሉ። «ስትጠራው ቆየህ?» አሏቸው።

«ቆየሁ።»

«ደኅና አድርገህ ቆየህ?»

«እስኪበቃኝ ቆየሁ፣ የሻረግ።»

እቴቴ የሻረግ ብድግ አሉና ከጓዳ የተከደነውን ድርሻ አምጥተው በእኔና በሙሉ መካከል አስቀመጡት። «ብሉ» አሉን። ያ ድርሻ ሲከፈት ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ተለይቶ የተከደነ ምግብ በዚያ ቤት አላየሁም።

ዛሬ ሞጣ አስተማሪ ነኝ። የእንፋሎት ባቡር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የማውቃት በዚያ ፍም ብርሃን ያየኋት ያቺ ባቡር ብቻ ናት። ማታ ማታ ግን የክፍሉን በር ከመቆለፌ በፊት አንገቴን አስገብቼ «ሰው አለ?» እላለሁ። ተማሪዎቼ ከግቢው በር ሆነው ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ እስኪበቃኝ እቆያለሁ።