ወንድሙን የጠየቀኝ እስረኛ

ፍርድ ቤት ለሚልካቸው ተከሳሾች የአእምሮ ምርመራ ማድረግ ሥራዬ ነው። በሶዶ ብዙ ሰው መርምሬ ብዙ ሪፖርት ጽፌአለሁ። የሁምቦው ወጣት ግን ከሁሉም ይልቅ አብሮኝ ቀርቷል።

ታላቅ ወንድሙን በመጥረቢያ ገድሎ ነው የታሰረው። ለዓመታት በአእምሮ ሕመም ሲታከም ቆይቷል፤ በየወሩ መድኃኒት ሊያስወስደው ሆስፒታል የሚያመላልሰው ያው ወንድሙ ነበር። የበቆሎ ዘር ወቅት ደርሶ ሥራ ሲበዛበት ሁለት ወር ሳያመጣው ቀረ። በሦስተኛው ወር በታማሚው እጅ ሞተ።

መጀመሪያ ሳነጋግረው ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አልነቀለም። «ወንድሜ አይደለም» አለኝ በወላይትኛ። «የእሱን ፊት ለብሶ ቤታችን የገባ ሌላ ሰው ነው።»

የማረሚያ ቤቱ ሐኪም መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረው። ከሳምንት ሳምንት እየተሻለው ሄደ። አንድ ቀን ታጥቦ፣ ፀጉሩን ተቆርጦ መጣና በትሕትና ሰላም አለኝ። ከዚያ፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ለምንድን ነው የማይጠይቀኝ? ተቀይሞኝ ነው?»

ወጥቼ እናቱን ፈለግኳቸው። በመጠየቂያው ቀን ሁሉ ቂጣ በጨርቅ ቋጥረው ከሁምቦ ይመጣሉ።

«ስለ ወንድሙ ምን ብለው ነገሩት?» አልኳቸው።

«ለሥራ ራቅ ብሎ ሄዷል አልኩት። ምን ልበል፣ ልጄ? አንዱን ቀበርኩ። ይሄኛውን ደግሞ በአፌ ልግደለው?»

የፍርድ ቤት ቀጠሮው ቀርቦ ነበር። በችሎት መሐል ከዐቃቤ ሕግ አፍ እንዳይሰማው ፈራሁና ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው እኔው እነግረዋለሁ፤ ከባዳ አይስማው» አሉ።

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሁለት እጁን ይዘው ወንድሙ መሞቱን፣ የገደለውም እሱ መሆኑን ነገሩት። ይጮኻል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም።

«ማን ቀበረው?» ብሎ ጠየቀ።

«ጎረቤት።»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

እናቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ታመህ ነበር» አልኩት እኔ። ይህንኑ ነገር በሪፖርቴ ብዙ ገጽ አብራርቼዋለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ከአፌ ሲወጣ ምንም የማይረባ ቃል መሰለኝ። እጁን ከእናቱ እጅ ቀስ ብሎ አወጣና ፊቱን ሸፈነ።

ፍርድ ቤቱ ድርጊቱን የፈጸመው በሕመም ምክንያት የሚያደርገውን ሳያውቅ ነው ብሎ ተቀበለ፤ ሕክምናውን እየተከታተለ ከእናቱ ጋር እንዲኖር ወሰነ። የሟቹ ሚስት ልጆቿን ይዛ ገሱባ ወላጆቿ ዘንድ ገባች። ማንም አልፈረደባትም።

አሁን ከእናቱ ጋር ለክትትል ይመጣል። ባለፈው ብቻውን ወደ ክፍሌ ገባና በሩን ዘጋ።

«ዶክተር፣ መድኃኒቱን ባቆም ያደረግኩትን እረሳዋለሁ?»

ልዋሸው አልፈለግኩም። «ትረሳው ይሆናል። ግን ትታመማለህ፤ እናትህም ትፈራሃለች።»

«እናቴ?» አለ። ይህን አላሰበውም ነበር።

የወሩን መድኃኒቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቁት ነበር፤ ክንዱን ይዘው ወጡ።