ጭረት የጠፋበት ዘፈን

ጋሽ ዘርኡን ያገኘሁት እንዲያው በድንገት ነው። በ1974 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከመምህራን ስብሰባ ወጥቼ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጎራ ስል፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፎ ማኪያቶ ይጠጣል። ጊዮርጊስ አጠገብ ባለ ሙዚቃ ቤት ከሸክላ ወደ ካሴት የሚቀዳው እሱ ነው። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። የሰፈሩ ሰው «ጆሮ» ይለዋል።

«ከሳህ እኮ! ስብሰባ ነው የሚበላህ?» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ቀልድ ማን እንደሚሰማው አይታወቅምና ቶሎ ወሬ ቀየርኩ። «የሰባት ኮከብ ባንድን የተመረጡ ዘፈኖች ካሴት ገዛሁ። ቆንጆ ነው። የመጨረሻውን ግን እንደ አዲስ አዘፈናችሁት እንዴ?»

ስኒውን አስቀመጠ። «አንተም?»

«ምን አልኩ?»

«ምን ጎደለው? እስቲ ንገረኝ።»

አሰብኩ። ያንን ዘፈን ተማሪ ሳለን የሰማነው ቡና ቤት፣ ሳንቲም እየጎረሰ ከሚያጫውተው ማሽን ነበር። ሳክስፎኑ ሲገባ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እኛም ጣታችንን የምናጮኸው እዚያ ላይ ነው። «ጠቅ ጠቁ የለም» አልኩት።

«ጭረት ነው፣ አንተ መምህር! መርፌ የበላው ቦታ ነው!» አለና ሁለተኛ ማኪያቶ አዘዘልኝ፤ ወሬው ረጅም መሆኑ ገባኝ።

አስራ አንዱን ዘፈን ከደህና ደህና ሸክላ ቀድቶ ነበር። የመጨረሻው ግን ያልተቦጫጨረ ጠፋ። ባንዱ ተበትኗል፤ ዋናው ቴፕ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ሲያጠያይቅ፣ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ማዶ ወይዘሮ ዓለምጸሃይ የሚባሉ ሴት አንድም ቀን ያልተጫወተ ሸክላ እንዳላቸው ሰማ። ባላቸው ገዝተውት በገቡ በሦስተኛው ቀን አረፉ። የባላቸው ሐዘን ሳይወጣ ወንድማቸው ተከተሉ፣ ቀጥሎ እናታቸው። ቤቱ ሙዚቃ ሳይሰማበት ስድስት ዓመት ሆነው።

«ልጄ፣ ሸክላው የባሌ የእጁ ማስታወሻ ነው፣ ከቤት አይወጣም» አሉት። «የእናቴ ሙት ዓመት ሳይደርስ ደግሞ እዚህ ቤት አይዘፈንም። መላ ካለህ አንተ አምጣ።»

መላው፣ ማጫወቻውንና መቅጃውን ተሸክሞ መሄድ ሆነ። ድልድዩ ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመው።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ሸክላ ማጫወቻ።»

«ምን ልታጫውት?»

«ምንም። ድምፅ አላወጣበትም።»

«ታዲያ ምን አሸከመህ?»

«እኔም እሱን ነው የምለው» ቢለው፣ ጥበቃው ስቆ አሳለፈው።

ቤታቸው ገብቶ ሸክላውን ማጫወቻው ላይ አስቀምጦ መርፌውን አሳረፈ። ሙዚቃው በሽቦ አልፎ ካሴት ውስጥ ይገባል፤ ቤቱ ግን ጭጭ። የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፣ ጆሮው ላይ ባደረገው ማዳመጫ። ወይዘሮ ዓለምጸሃይ ከፊቱ ተቀምጠው ሸክላው ሲዞር ያያሉ። ከመርፌው ሥር የትንኝ ያህል ድምፅ ትወጣለች። «ይቺንስ እናቴም ትምረኛለች» አሉና ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል» አለኝ ጋሽ ዘርኡ። «ያንን ትንፋሽ ከቡና ቤቱ ሸክላ ላይ ማን ሰምቶት ያውቃል?»

ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ ሰው ይመልሰው ጀመር። አስመስሎ የሚዘፍን ልጅ አስገብታችሁ ሸወዳችሁን አሉ። አንዱማ የሙዚቃ ቤቱን ባለቤት ፍስሃን «ሌባ» ብሎ ሰድቦት ወጣ። ፍስሃም ትናንት ጋሽ ዘርኡን ጠርቶ፣ «ጆሮ፣ ሰው የሚያውቀውን ስጠው። ከቡና ቤቱ ሸክላ እንደገና ቅዳልኝ። እስከ ሰኞ ካላደረስክ የሱቁን ቁልፍ አስረክብ» አለው።

«ፍስሃ ክፉ ሰው አይደለም» አለኝ። «ነጋዴ ነው። ካሴት ሲመለስበት ያመዋል።»

«አራት ልጆች አሉህ እኮ፣ ጋሽ ዘርኡ።»

«አምስት። ሐምሌ ላይ ተጨመረች።»

እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ሚስቱ ሳትወልድ ማርያም በሽልም ታውጣት ማለት ሲገባኝ፣ አሁን ያሳድግልህ አልኩና ትንሽ ሳቅን። ሒሳብ ልከፍል ስል እጄን መታኝ። በሩ ላይ ታክሲ ሲጣራ ሰማን፤ እሱ ወደ ጊዮርጊስ፣ እኔ ወደ ታች ነን።

«ቆይ፣ ታዲያ ሰኞ ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«በሌላው ሳምንት ሱቁ ግባና የመጨረሻውን ዘፈን አስከፍት» አለኝ። «ጠቅ ጠቅ ካለ፣ እኔን እዚያ አትጠይቅ፤ ቤቴ ና።»