እትዬ ያዳነችው አጋዘንና እኔ

አክስቴ በሕይወቷ ሁለት ነፍስ አድናለች፤ አንዱ እኔ ነኝ፣ ሌላው የደጋ አጋዘን ነው። ይህን የምትናገረው ራሷ ናት፤ በማኅበር፣ በለቅሶ ቤት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ ለመጣ ሰውዬ። ቅደም ተከተሉ እንደ አድማጩ ይለያያል። አድማጩ ሽማግሌ ከሆነ እኔ እቀድማለሁ፤ ወጣት ከሆነ አጋዘኑ ይቀድማል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ለሽማግሌውም ለወጣቱም አጋዘኑ እየቀደመኝ መጥቷል። አልተቀየምኩም ብል ዋሽቻለሁ።

የእኔ መዳን ታሪክ አጭር ነው። አምስት ዓመት ሲሞላኝ እትዬ ከአዲስ አበባ ወደ ጎባ መጣች። እናቴ ታላቅ እህቷን የምትጠራት «እትዬ» እያለች ስለሆነ እኔም እንዲሁ ነው የምጠራት። እትዬ ልጅ የላትም፤ ባሏ ደህና ሥራ ነበረው፤ እናቴ ደግሞ ገና በልጅነቷ ባሏ ሞቶባት ከእኔ ጋር ቀርታለች። «ላሳድገው፣ ላስተምረው» አለች እትዬ። ታላቅ እህት እንዲህ ስትል እምቢ አይባልም። በማግስቱ ማለዳ በአውቶብስ ይዛኝ ሄደች።

«እናትህ አልጋዋ ላይ ተኝታ ነበር፤ እንባም አልወጣት» ትላለች። ይህን የምትለው ሰው ለማሳዘን አይደለም፤ ነገሩ ሁሉ በሰላም ማለቁን ለማስረዳት ነው። እኔ ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው እጄን የዋጠ ሹራብ ብቻ ነው። ያቺ «እንባም አልወጣት» የምትል ቃል ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አንጀቴ ውስጥ ተቀምጣለች። በየዓመቱ ጎባ እሄዳለሁ፤ ለእናቴ ጋቢና ስኳር እወስድላታለሁ፤ ሁለት ቀን አድሬ እንደ ጨዋ እንግዳ አመስግኜ እመለሳለሁ። ያን ቀን ለምን እንዳልተነሳች ጠይቄያት አላውቅም። መልሱ «እንቅልፍ ጥሎኝ» ቢሆንስ ብዬ እፈራለሁ።

የአጋዘኑ ታሪክ ረዘም ይላል። ከሦስት ዓመት በፊት እትዬና እኔ ለፋሲካ በዓል ወደ ጎባ ስንሄድ፣ ዲንሾ አካባቢ ወገባችንን ለማፍታታት መኪና አቆምኩ። እትዬ ከመንገዱ ፈቀቅ ብላ የጭቁኝ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባችና ወዲያው በእጇ ጠራችኝ። ከአንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ሥር፣ ረጅም ሣር ውስጥ፣ የአጋዘን ግልገል እጥፍጥፍ ብሎ ተኝቷል። አይነቃነቅም፤ ዓይኑ ብቻ ያያል።

«እናቱ የት አለች?» አለች እትዬ። ዙሪያውን አየን፤ እናት የለችም። ሁለት ደቂቃ ጠበቅን። ለእትዬ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው፤ ሐኪም እንኳ ያን ያህል ካስጠበቃት ታኮርፋለች። ነጠላዋን አውልቃ ጠቀለለችው፣ «ምን ዓይነት ጨካኝ እናት ናት» እያለች ጎባ ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው ሄደች። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝና ከደሙ ንጹሕ ነኝ አልልም።

ጎባ ስንደርስ የእናቴ ቤት አራስ ቤት ሆነ። እትዬ ለጋ ቅቤ አስመጥታ እንደ ሰው ልጅ አፉን ቀባችው፤ የተረፈውን መሃል አናቱ ላይ አደረገችለት። ወሬው በሰፈሩ ተሰማ። የገብስ ገንፎ ተገነፋ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ገቡ፤ እትዬም በስድሳ ስምንት ዓመቷ ትንሽ እንኳ ሳታፍር «አሜን» እያለች ተቀበለቻቸው። እናቴ ገንፎውን ታቀርብ ነበር። ግልገሉ ግን ያን ሁሉ ክብር አልፈለገውም። የላም ወተት ሲያጠጡት አስመለሰው፤ ቅቤው ቀልጦ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ በሦስተኛው ቀን መቆም አቃተው። የቀበሌ ሰው መጥቶ የዱር አውሬ ቤት ማሳደር ክልክል ነው ሲለን ፊት ለፊት ተቆጣነው፣ በልባችን ተገላገልን። ወደ ሮቤ በሚወስደው መንገድ ዳር የተጎዱ አውሬዎች የሚጠበቁበት ግቢ ነበርና እዚያ አደረስነው። በእትዬ አተራረክ ይህ ክፍል «አደራ ሰጠሁት» ይባላል።

ዘንድሮ እንደገና ወደ ጎባ ስንሄድ «ልጄን ሳላይ አላልፍም» አለች። ድፎ ዳቦም አስጋግራለታለች።

በሩ ላይ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ካፖርት የደረበ ጠባቂ ተቀበለን። እትዬ ያን ያህል ዘመን አዲስ አበባ ኖራ ኦሮምኛዋን አልጣለችም። «አካም ጅርቱ? ፈያዳ? ነጋ?» ተባባሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ገብሱ ተጠያየቁ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የአምስት ዓመት ኦሮምኛዬን ፈለግኩ፤ እዚያው ሹራብ ውስጥ ቀርቷል መሰለኝ። ጠባቂው አይቶኝ አዘነልኝና ወደ አማርኛ ዞረ።

መጀመሪያ ያሳየን ዝንጀሮ ነው። አንድ መጠጥ ቤት በር ላይ ታስሮ ያደገ፣ እንጀራ በወጥ ካልሆነ የማይበላ፣ መንገደኛ ባየ ቁጥር ለሰላምታ እጁን የሚዘረጋ። «ባለቤቱ በጣም ይወደው ነበር» አለ ጠባቂው። ቀጥሎ ክንፉ ተከርክሞ የቀረ ንስር አሳየን፤ እሱንም ያሳደገው ሰው በጣም ይወደው ነበር። ከሃረና ጫካ ቡና ለቃሚዎች ያመጧት ጉሬዛ ደግሞ ብርድ እንዳይነካት ከሰው ጋር አልጋ ላይ ታድር ስለነበር አሁን ዛፍ መውጣት ትፈራለች። እሷንም በጣም ይወዷት ነበር። በመካከላችን ሦስት ከርከሮዎች እንደ ግቢው ባለቤት ሣር እየነጩ ያልፋሉ።

«እነዚህንስ ማን አመጣቸው?» አልኩት።

«እነሱ ራሳቸው ነው የመጡት። ማንም አላዳናቸውም» አለ። «ደህና ናቸው።»

አጋዘኑ ከአጥሩ ማዶ ነበር። አድጓል፤ ቀንዱ መጠምዘዝ ጀምሯል። እትዬን ሲያይ ቀጥ ብሎ መጣ፣ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫውን አውጥቶ መዳፏን ላሰ።

«አወቀኝ» አለች እትዬ፤ እንባዋ ወረደ።

ከዚያ የእኔን መዳፍ ላሰ። ከዚያ የጠባቂውን ካፖርት ቁልፍ።

«ለሰው ሁሉ ይመጣል» አለ ጠባቂው። «ችግሩ እሱ ነው፣ እማማ። እንዳንለቀው ሰውም ውሻም አይፈራ። የሚበላውን ቅጠል ከማይበላው አይለይም። ይህን የምታስተምረው እናት ናት።»

«እናቱማ ጥላው ሄዳ እኮ ነው» አለች እትዬ፤ ኮሶውን፣ ሣሩን፣ ነጠላዋን፣ ሁሉንም ነገረችው። ይህን ታሪክ ስትነግር አይቋረጥባትም፤ እሱም አላቋረጣትም። ስትጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ እንደገና አደረገው።

«አጋዘን ግልገሏን አትጥልም፣ እማማ። ሣር ልትግጥ ስትሄድ ጅብ እንዳያገኘው ደብቃ ታስተኛዋለች። እሱም እስክትመጣ አይነቃነቅም። ሆዷን ሞልታ ትመለስና ታጠባዋለች።»

«ሁለት ደቂቃ ጠብቀናል» አልኩ እኔ። ከአፌ እንደወጣ አፈርኩበት።

ጠባቂው እትዬን ማጽናናት ፈለገ። «ምንም አይደል። ክፉ ሰው ያመጣልን አውሬ እዚህ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ያመጡልን እንደ እርስዎ ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው» አላት።

«ተመልሳ ስታጣውስ ምን ታደርጋለች?» አለችው እትዬ።

«ትፈልገዋለቻ።»

«እስከ መቼ?»

«እኛ እንደምናየው፣ ጡቷ እስኪደርቅ ድረስ እዚያች ቦታ ትመላለሳለች።»

ጠባቂው ዳቦው ለአጋዘን እንደማይሆን ሲነግራት እትዬ ለራሱ ለጠባቂው ሰጠችው፤ መረቀን፣ ወጣን።

ከዚያ ጎባ እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እትዬ መኪና ውስጥ ዝም የምትለው ስትታመም ብቻ ነው። የስንዴው ማሳ ግራና ቀኝ ያልፋል፤ ሮቤን አቋርጠን ወጣን፤ እሷ ግን ጭኗ ላይ ያለውን ነጠላ ደጋግማ ታጥፋለች፣ ትፈታለች። እኔም ምን እያሰበች እንደሆነ አውቅ ነበርና እንዳልሰማ ሬዲዮ ከፈትኩ። ስለ እናቴ የማላውቀው ነገር ካለ በዚያ ቀን መስማት አልፈለግኩም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ያስቀመጥኩትን ቅያሜ አንድ የአውሬ ጠባቂ እንዲነካብኝ አልፈለግኩም።

እናቴ ደጅ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለወፍጮ የሚሄድ ስንዴ በሰፌድ ይዛ እንክርዳድ ትለቅማለች። ተነስታ ሳመችን፣ አስቀመጠችን፣ እሷም ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። ከአጥር ማዶ ጎረቤቷ «ያ አጋዘን ልጅሽ እንዴት ነው?» ብላ እትዬን ጠየቀቻት። በሌላ ጊዜ ይህ ጥያቄ የአንድ ሰዓት መልስ አለው።

«ደህና ነው» አለች እትዬ። ጎረቤቲቱ ትንሽ ጠብቃ ገባች።

ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «ያኔ፣ ልጁን የወሰድኩ ቀን፣ እውነት ተኝተሽ ነበር?»

እናቴ ከሰፌዱ ቀና አላለችም። «ፊትሽን ካየ አይሄድልኝም፣ አትነሺ አልሽኝ። አልተነሳሁም።»

«ከዚያስ?»

«ከወጣችሁ በኋላ ተነሳሁ። አውቶብስ ተራ ድረስ ተከተልኳችሁ። ከእህሉ ጆንያ ጀርባ ቆሜ ነበር።»

«ታዲያ ምነው አልጠራሽኝ?»

«ደግ ልታደርጊ እኮ ነው የመጣሽው። ደግ ሰው ምን ይባላል?» አንድ እንክርዳድ ለቅማ ጣለች። «ቀይ ሹራብ አልብሰሽዋል። እጅጌው ረጅም ነበር፤ አላጠፍሽለትም። ያን እያሰብኩ ከርሜያለሁ።»

እትዬ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። በማን እንደምናደድ ብፈልግ ግን ግቢው ውስጥ ከሁለት አሮጊቶች በቀር ማንም የለም፤ ሁለቱም ይወዱኛል። ሌላ ዱካ ስቤ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ከሰፌዱ መልቀም ጀመርኩ።

ጥቂት እንደለቀምኩ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«እሱ ስንዴ ነው» አለችኝ። «እንክርዳዱ ያ ነው። ቀስ ብለህ ትለየዋለህ።»