የጉሬዛ ጥቁር በር

ድምፁ የመጣው በስልክ ነው። መጀመሪያ ረዘም ያለ ሲጥጥ የሚል፣ ቀጥሎ ጓ! የሚል። ታናሽ ወንድሜ ግርማ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም ስልኩን ወደ መኪናዋ አስጠግቶ በሯን ከፍቶ ሲዘጋው፣ እኔ አሶሳ በረንዳዬ ላይ የጧት ጸሎቴን ጨርሼ መጽሐፌን ወደ ማኅደሩ እየመለስኩ ነበር፤ እጄ እዚያው ቀረ።

«አወቅሽው፣ እቴ?» አለኝ እየሳቀ።

«ጉሬዛን ምን ልታደርጋት ነው?»

አንድ ሰው ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም ድረስ ሄዶ፣ በግቢያችን ጥግ ከባሕር ዛፉ ሥር ሃያ ምናምን ዓመት የቆመችውን የአባታችንን መኪና ሲዞራት ውሎ፣ «ይቺ እኮ ክላሲክ ናት» ብሎ ሊወስዳት መፈለጉን ነገረኝ። ክላሲክ ማለት ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «እንደ ቅርስ ነገር ነው። ያረጀ ሁሉ አይሆንም፤ ሳይነካካ የቆየና ታሪኩ የሚታወቅ መሆን አለበት አለኝ። ታሪኳንም ጽፈህ ስጠኝ፣ ከመኪናዋ ጋር ይኖራል ብሎኛል» አለና የጻፈውን ያነብልኝ ጀመር። አባባ እንዴት እንደገዛት፣ ስንት ሙሽራ እንዳመላለሰች አነበበና፣ «ሰይድ የተባለ መካኒክ በተንኮል ቤንዚኗ ውስጥ ውሃ ጨምሮባት» የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆምኩት።

«ይሄን ወረቀት ለማንም እንዳትሰጥ» አልኩት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

እውነቱን ለመናገር ሰውየውን አላመንኩትም። የነገሥታት መኪና ቢጠበቅ ይገባኛል፤ አቡጀዲና በግ ስትጭን የኖረች የነጋዴ መኪና ግን ምኗ ነው ቅርስ? «ሳይነካካ» ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አስጠረጠረኝ። ነጭ መኪና አንድ በሯ ብቻ ጥቁር ሆኖ እያየ፣ እንዴት አልተነካካችም ይላል? ከሰውየው ይልቅ ግን ያ ወረቀት አስፈራኝ።

አባታችን ተፈራ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በበጋ፣ መንገዱ ደርቆ አቧራው ሲነሣ፣ ደሴ ወርዶ ጣቃውን ጭኖ ሲመለስ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ ድምፅዋን ለይተን «ጉሬዛ መጣች!» እያልን እንሮጥ ነበር። ስሟን ያወጣላት ከተማው ነው። በአንድ የገበያ ቀን የደነበረ በሬ በሯን በቀንዱ ጠርምሶት፣ የአባባ የልብ ወዳጅና የመኪናዋ ሐኪም የነበረው አያ ሰይድ ደሴ ላይ ከተጣለች መኪና ፈትቶ ያመጣው በር ጥቁር ስለነበር፣ ቀለም ሳይቀባ እንደዚያው ቀረ። ሠርግ ሲኖር የሙሽራ ቤተሰቦች ይለምኗትና፣ ሙሽራዋን ግን በጥቁሩ በር ማስገባት ገዱ አይቀናም ብለው ዞረው በነጩ ያስገቧት ነበር። አያ ሰይድ ታዲያ ኮፈኑን ተደግፎ፣ «ጥቁሩ ለአማት ነው፣ ይቆይላቸው!» እያለ ያስቃቸው ነበር።

መኪናዋ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ቄሱ ጠበል ሊረጩ፣ የአያ ሰይድ አባት ሼኩም ዱዓ ሊያደርጉ ግቢያችን ተሰብስበው ነበር። አያ ሰይድ ኮፈኑን ለሁለቱም ከፈተና፣ «አባ፣ የፈለጉትን ያህል ይርጩ፤ ሽቦው ላይ ብቻ እንዳይሆንብኝ!» ሲል ቄሱ ራሳቸው ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን አንድ ነገር በልቤ ያዝኩ፦ በውጭ ተረጭቶ ይህን ያህል ከረዳ፣ ውስጧ ቢገባ ምን ያህል ይረዳ ይሆን?

ክረምቱ ሲገባ ጉም ከደጃችን አይነሣም ነበርና፣ መኪናዋ በብርዱ ጧት ጧት አልነሣም እያለች ታስቸግር ጀመር። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች ስለሞቱባት ሐኪሙ ደሴ ሄዳ እንድትወልድ አጥብቆ ነግሯት ነበር። አያ ሰይድ ጉሬዛን ሲፈታና ሲገጥም ሰንብቶ፣ «አብሽሩ፣ ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የምትወጣው» አለን። የነዳጁ ክዳን ቁልፍ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ አባባ ኮት ኪስ ውስጥ፣ አንዱ እሱ ዘንድ።

ጳጉሜን መጣ። በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነውና፣ ልጆች ሁሉ ልብሳችንን ጥለን ውጭ እየዘለልን እንታጠብ ነበር፤ እናቴም በሳህን ተቀብላ ሆዷን ቀባች። ሁላችንም ስንጠመቅ፣ በማግሥቱ እናቴን የምትወስደው ጉሬዛ ብቻዋን እንዴት ትቅር? ቁልፉን ከአባባ ኮት አውጥቼ፣ በጆግ ያጠራቀምኩትን ዝናብ «በስመ አብ» ብዬ እስከ መጨረሻው ቤንዚኗ ውስጥ ጨመርኩ። ቁልፉን መልሼ፣ ደስ ብሎኝ ራቴን በላሁ።

በማግሥቱ ጉሬዛ አቀስታ ሳይደርሱ ዳገቱ ላይ ቆመች። እናቴ በሰዎች ትከሻ ተደግፋ አንድ ገበሬ ቤት ገብታ ግርማን እዚያው ወለደች፤ ሁለቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፉ። መኪናዋን ጎትተው ደሴ ያደረሷት ሰዎች ግን ውሃ አገኙባትና፣ ለአባባ «ይሄን ያደረገ ቅርብህ ያለ ሰው ነው» አሉት። አባባ በዚያች ቃል ተለወጠ።

እናቴ ቤት ገብታ፣ ጉሬዛም ደሴ ተጠግና ከተመለሰች በኋላ፣ አያ ሰይድ የአራስ ቅቤ በቅል ይዞ፣ ከሩቅ «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» እያለ ሲመጣ፣ አባባ በራችን ላይ ቆሞ አላስገባው አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔ ከመኪናዋ ጥቁር በር ጀርባ ተሸጉጬ እሰማ ነበር።

«ተፈራ፣ ወላሂ አላደረግኩም! ያንተ ልጅ የኔስ ልጅ አይደለም?»

«ቁልፉ እኔና አንተ ዘንድ ነው። እኔ አልጨመርኩ። ታዲያ መልአክ ወርዶ ጨመረው?»

እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አባባን ፈራሁ፤ ከዚያም በላይ ጠበል መኪና አበላሸ ማለት ኃጢአት መሰለኝ። አያ ሰይድ ቁልፉን ከኮፈኑ ላይ፣ ቅሉን ከደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በዚያው ዓመት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ከላላ ወረደ አሉ። ጉሬዛ በሌላ መካኒክ እጅ ጥቂት ዓመት ሄደችና፣ አንድ ክረምት አልነሣም ብላ ቀረች። አባባም ከአያ ሰይድ ጋር ሳይታረቅ ዐረፈ።

ካደግኩ በኋላ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ነበር። ስግደት አዘዙኝና፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሰውየውስ?» አሉኝ። ስግደቱን ጨረስኩ፤ ሰውየውን ይቅርታ መጠየቁን ግን ከዓመት ዓመት ሳሳድር ቆየሁ።

ግርማ ወረቀቱን ባነበበልኝ ማግሥት መልሼ ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። «እኔ ለካ ዳገት ላይ የተወለድኩት በአንቺ ጠበል ነው!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። «ወረቀቱን እቀደዋለሁ፤ ከተማው ግን የሚያውቀው የአባባን ቃል ነው። እንዲህ በቀላሉ የሚያምነን ይመስልሻል?»

ያኔ በከተማችን ድምፅዋ ተለይቶ የሚታወቅ አንዲት መኪና ነበረች፤ ዛሬ ባጃጁ ሞልቶ ማን መጣ ብሎ የሚሮጥ ልጅ የለም አሉ። ያኔ አባባ ቅርቡ የነበረውን ሰው ጠረጠረ፤ ዛሬ እኔ ከሩቅ የመጣውን እጠረጥራለሁ፤ ከመኪናዋ ጋር የወረስነው ይሄን ሳይሆን አይቀርም። ተራ የቤት መኪና ቅርስ ይሆን አይሆን አላውቅም። ውሸት ተሸክማ እንድትቀመጥ ግን አልፈቅድም።

ስለዚህ እናንተ ያን ቀን በራችን ላይ የነበራችሁ፣ አያ ሰይድ ሲምል በጆሮአችሁ የሰማችሁ፣ ያ ሰው እውነቱን ነበር ብላችሁ ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ። ከላላ ዘመድ ያላችሁም፣ በሕይወት ካለ ለእሱ፣ ከሌለም ለልጆቹ፣ የተፈራ ልጅ ይቅርታ ልትለምን ትመጣለች በሉልኝ። እነሱ መጥተው ያንን ጥቁር በር በእጃቸው እስኪከፍቱት ድረስ፣ ጉሬዛ ከግቢው አትወጣም።