ለመጋዘኑ የተጻፈ እቅድ

ጽጌማርያም ከጎጃም የመጣው ቅኔ ሊማር ነበር፤ ኑሮ ግን ጎትቶ ከእህል ሚዛን አጠገብ አስቀመጠው። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሁለተኛው ዓመት፣ ኮልፌ ዳገት ላይ በተሠራው የጦሩ እህል መጋዘን ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። ለጠላት ማገልገሉ ያሳፍረዋል፤ ቤቱ ቢቀመጥ ደግሞ ሚስቱን ተሻለችን በምን ያሳድራት?

በዚያው ዓመት ለመጋዘን ጸሐፊዎች የሂሳብ ትምህርት ተከፈተ። አስተማሪው ፓስኳሊ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የት ሄደ እያለ የሚፈልግ ከሲታ ጣሊያን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ተማሪዎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ መደበና የሆነ ነገር አዘዘ። አስተርጓሚው ኃይለ መስቀል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "መጋዘኑን እንዴት እንደምትፈትሹ እቅድ አውጡ ነው የሚላችሁ። ከየት እንደምትጀምሩ፣ ማን ምኑን እንደሚያይ በጽሑፍ አምጡ" አለ።

ፍተሻ። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ይህ ቃል በኮልፌ ሰው ጆሮ ሌላ ነገር ሆኗል። በር ሰብሮ መግባት፣ አልጋ መገልበጥ፣ አባወራውን አስሮ መውሰድ ማለት ነው። የታዘዙት የሂሳብ ነገር ይሁን የሰው ነገር ጽጌማርያም ግራ ገባው።

ከእሱ ጋር የተመደቡት አብደላና ነገሬ ነበሩ። አብደላ ለቆዳ ነጋዴ ሲጽፍ የኖረ፣ ነገር የማያወሳስብ ሰው ነው። ነገሬ የዚያው የኮልፌ ልጅ ነው፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት አቶ ደሜ አጎቱ ናቸው። ከመጋዘኑ እህል እየወጣ ጫካ ላሉት አርበኞች ይደርሳል የሚል ሹክሹክታ ነበር። እውነቱን የሚያውቅ ቢኖርም አይናገርም።

ሦስቱ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጡ።

"ቀላል ነው" አለ አብደላ። "የገባውን ከወጣው እናስተያያለን። እኔ ሚዛን ላይ፣ ነገሬ ጆንያ ይቆጥራል፣ አንተ ወረቀቱን ታያለህ።"

"ነገሬ ጆንያውን መቁጠር የለበትም" አለ ጽጌማርያም፣ ሳያስበው።

"ለምን?" አለ ነገሬ።

"ቁልፉ አጎትህ እጅ ነዋ።"

ነገሬ ትክ ብሎ አየው። "ሌባ ናቸው ነው የምትለኝ?"

"አላልኩም።"

"ታዲያ ምን አልክ?"

ጽጌማርያም ምን እንዳለ ራሱም አላወቀውም። ሰው ዘመዱን መፈተሽ የለበትም ማለቱ ነበር፤ ግን ይህን ያለው ለሥራው ሲል ነው ወይስ ሽማግሌውን አሳልፎ መስጠቱ ነው? እቅዱ ጥሩ ከሆነ አቶ ደሜ ሊሰቀሉ ነው። መጥፎ ከሆነ ሦስቱም ሊጠረጠሩ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ አቶ ደሜ ጋ ጎራ አለ። አጥር ሲያስሩ አገኛቸው።

"ስለ መጋዘኑ ላማክርዎ ነበር። እቅዳችን..."

"አትንገረኝ" አሉት፣ ልጡን ሳይለቁ። "ካወቅሁ መዘጋጀት ያምረኛል። የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ያስታውቃል።"

"የሚዘጋጁለት ነገር አለ እንዴ?"

"እንደመሰለህ" አሉና ሌላ ልጥ መዘዙ።

ጽጌማርያም ከመሄዱ በፊት ከነበረው ይበልጥ ተምታቶበት ቤቱ ገባ። ለተሻለች ቢነግራት፣ "ምን አስጨነቀህ? የማታውቀውን ገርፎ የሚያወጣብህ የለም" አለችው።

እቅዱ ተጻፈ። ነገሬ እያኮረፈ ወደ ሚዛኑ፣ አብደላ ወደ ጆንያው ተዛወሩ። ፓስኳሊ ሲተረጎምለት አዳመጠና ቦታ የተለዋወጡበትን ምክንያት ጠየቀ። ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ።

"የፈለግሁት ይኼን ነው ይላል" አለ ኃይለ መስቀል። "ግን አንድ ሰው ረስታችኋል። እህሉን በር ላይ የሚረከበውስ ይላችኋል።"

የሚረከበው ጣሊያናዊ የጦር ሹም ነበር።

"እሱንም እንፈትሻለን?" አለ ጽጌማርያም።

ኃይለ መስቀል አመንትቶ ተረጎመ። ፓስኳሊ ብዕሩን አቀበለው። ጽጌማርያም ወጥመድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይለት የሹሙን ስም ጨመረ።

በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ቤቱን ተዘግቶ አገኙት። አንዱ ፓስኳሊ ታሟል አለ፤ ሌላው አስመራ ተልኳል አለ። ወታደሮች መጥተው መጋዘኑን ዘርግፈው መዘኑ። አቶ ደሜ ታስረው ሰነበቱና ተለቀቁ። ሹሙን ግን አንድ ማለዳ ከነሻንጣው በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። እቅዱ ይሁን ሌላ ነገር ያስወሰደው፣ ለሦስቱ የነገራቸው የለም።

ነገሬ አንድ ቀን ጽጌማርያምን ፍለጋ መጣ።

"እቅዱ ላይ ጆንያ ቆጣሪው እኔ ሆኜ ቢሆን ኖሮ ተመሳጥራችኋል ተብለን እኔና እሳቸው በአንድ ገመድ እንሰቀል ነበር አሉኝ አጎቴ" አለው። "ተቀይሜህ ነበር፤ ይቅር በለኝ።"

ጽጌማርያም አቀፈው፤ ደስ ይበለው ወይስ ይፍራ ግን አልለየለትም። ነጻነት ተመልሶ፣ እሱም የመንግሥት ሥራ ከያዘ በኋላ፣ ደፍሮ አቶ ደሜን ጠየቃቸው።

"ለመሆኑ እህሉ ይወጣ ነበር?"

"ብዙ ሰው ያወጣ ነበር" አሉ ሽማግሌው። "አንተ ስለየትኛው ነው የምትጠይቀኝ?"

ጽጌማርያም አብሯቸው ምሳ በልቶ ሄደ።