የጥሩነሽ ሳሙና

ልጄ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝታልኛለች፤ ሰባት ኪሎ ይይዛል። ዛሬ ስከፍተው የሳሙናው ሽታ አወደኝና በጣሊያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወንዝ ወርደን ያጠብንበት ቀን ትዝ አለኝ።

እኔና አክስቴ ጋቢውን ድንጋይ ላይ ዘርግተን በተወቀጠ እንዶድ እንረግጥ ነበር። እኩያዬ ጥሩነሽ ግን እናቷ ከጣሊያኖች ካምፕ ባመጣችው ሳሙና ታጥባለች። አረፋው ክንዷ ድረስ ይወጣል፤ ሽታው እኛ ድረስ ይመጣል። ቅናት አንገበገበኝ። ዞር ስትልልኝ ሳሙናውን አንስቼ ወንዙ ውስጥ ለቀቅሁት።

ጥሩነሽ ስታለቅስ አክስቴ እንዶዳችንን አካፈለቻት። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጋ አሸተተችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ነይ፣ እጅሽን በእንዶድ ታጠቢ፤ እሷ ሳታሸትሽ" አለችኝ።

ማሽኑ እየተሽከረከረ ነው። አሁን ልጄ፣ "የጎረቤታችን እኮ አስር ኪሎ ነው የሚይዘው" ስትለኝ፣ ሳላስበው እጄን አሸተትኩ።