የስንዱ ፊሽካ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ጓደኛዬ ስንዱ በተቀበረች በሳምንቱ እሁድ ነው። እኔ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የዚያን ቀን ጠዋት ግን እስክሞት አልረሳውም።

ስንዱና እኔ ዓለም ባንክ አካባቢ አንድ ሰፈር ያደግን፣ አንድ ትምህርት ቤት የተማርን አብሮ አደጎች ነን። እሷ ሯጭ ነበረች። እኔ ደግሞ ደብተሯንና ሹራቧን ይዤ ዳር ላይ እቆም ነበር። ካደገች በኋላ አትክልት ቤት ከፈተች። ሽንኩርት እየመዘነች ታናናሾቿን አስተማረች፣ ዳረች፣ እናቷን ጦረች። ራሷ ግን አላገባችም። ስናሾፍባት «ሯጭ ነኝ፣ ማን ይይዘኛል?» ትለን ነበር።

እናቷን እማማ ዘርፌን ስኳር በሽታ ሲይዛቸው ሐኪሙ እንቅስቃሴ ያድርጉ አላቸው። እሳቸው ደግሞ «በዚህ ዕድሜዬ ስንጠራራ ሰው ምን ይለኛል» ብለው እምቢ አሉ። ስንዱ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አንዷን ለምና፣ አንዷን ተቆጥታ፣ የሰፈሩን እናቶች እሁድ እሁድ እናቷ ቤት ፊት ለፊት ካለው ሜዳ ላይ አወጣቻቸው። ከቀሚሳቸው ስር ቱታ ለብሰው እጃቸውን ሲያወናጭፉ መጀመሪያ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን ፊሽካዋን እየነፋች፣ እናቷን ደስ እንዲላቸው በጉራጊኛ እየቆጠረች ታሠራቸዋለች። በመጨረሻ እማማ ዘርፌም ወጡ፤ ስኳራቸውም ወረደ። እኔንማ ስንቴ ለመነችኝ! የእሁድ እንቅልፌን የሚነካ ሰው ስለማልወድ አንድም ቀን አልሄድኩላትም።

ስንዱ ድንገት ታመመችና ብዙም ሳትቆይ አረፈች። እማማ ዘርፌ ከቀብር መልስ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። ምግቡ በግድ፣ መድኃኒቱ በልመና ሆነ። «እሷን ቀብሬ ለማን ብዬ ነው የምድነው?» ይላሉ። ልጃቸውን ተከትለው እንዳይሄዱ ሁላችንም ፈራን።

እሁድ በጠዋት በሬ ተንኳኳ። ስንዱ ከምታሠራቸው እናቶች አንዷ፣ እትዬ ሙሉ ናቸው። ፊሽካዋን እጄ ላይ አስቀመጡና «ተነሺ፤ አብሮ አደጓ አንቺ ነሽ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሐዘን ላይ እኮ ነን። ሰው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል። እኛ ከቤት ካልወጣን ዘርፌም አትነሳም።»

ሜዳው ላይ ስደርስ እናቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ለሐዘን ያዘቀዘቁትን ነጠላ ወገባቸው ላይ አስረው ተሰልፈዋል። እንባዬ መጣ። እንደምንም ፊሽካውን ነፋሁና «አንድ፣ ሁለት» ብዬ ጀመርኩ። ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«እሷ እንደዚያ አይደለም የምትቆጥረው» አሉ እትዬ ሙሉ።

የእኔ ጉራጊኛ ሰላምታና ስድብ ነው። ቆጠራውን ጀመርኩት፤ መሃል ላይ ጠፋብኝ። ደግሜ ጀመርኩ፤ አሁንም ያው። እናቶቹ እጃቸውን እንደዘረጉ ያዩኛል። አፍሬ መሬት መሬት ሳይ ከኋላዬ የቆርቆሮ በር ሲከፈት ሰማሁ።

እማማ ዘርፌ ናቸው። በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ኧረ አታበላሺባት» አሉኝ በደከመ ድምፅ።

ከዚያ እሳቸው ከመጀመሪያው ጀምረው ቆጠሩ። እናቶቹ እያለቀሱ እጃቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች ያደርጋሉ። እኔም አብሬ አለቅሳለሁ፣ አብሬ እሠራለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ እማማ ዘርፌ በሩን ለቀው መጡና ፊት የነበረውን የድሮ ቦታቸውን ያዙ። ይህን ጊዜ ከመሃል አንዷ እልል አለች። በሐዘን ሰሞን እልልታ! «እኔ ነኝ» ብላ እስከ ዛሬ ያመነች የለችም። የተቆጣም ሰው አልነበረም።

ያን ቀን እማማ ዘርፌ ሳይለመኑ ቁርስ በሉ። መድኃኒታቸውንም ራሳቸው «አምጡልኝ» ብለው ጠየቁ።

ይኸው ዓመት ሞላን። ፊሽካው እኔ አንገት ላይ ነው፤ ቆጠራው የእማማ ዘርፌ። ጉልበቴ እያመመኝ፣ እንቅልፌ እየቆጨኝ አንድም እሁድ አልቀረሁም። ስንዱ በጣም ትናፍቀኛለች። ሜዳው ላይ ስቆም ግን ደረቴን ነፍቼ ነው የምኮራባት። ያን ሁሉ ሰው የሰበሰበችው እናቷን ከቤት ለማስወጣት ነበር። ከሞተችም በኋላ አስወጣቻቸው።